ከአኸን አሸዋ እስከ አቃቂ መረሬ፦ ፕሮፌሰር አለማየሁ ተፈራና የአፈር ሜካኒክስ ትምህርት በኢትዮጵያ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ መምህርና ስለ አንድ አፈር ነው። መምህሩ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ለረጅም ዘመን የአፈር ሜካኒክስንና የመሠረት ምሕንድስናን ያስተማሩት ፕሮፌሰር አለማየሁ ተፈራ ናቸው። አፈሩ ደግሞ ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ፣ ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ተዘርግቶ የምናየው ጥቁሩ አፈር ነው። የፕሮፌሰሩን ሥራዎች በታተሙበት ቅደም ተከተል ያነበበ ሰው፣ በጀርመን አገር አሸዋ ላይ የተጀመረ ምርምር እንዴት ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አፈር እንደ ተመለሰ ያስተውላል። እኔም ዛሬ ለማሳየት የምፈልገው ይህንኑ መመለስ ነው። ዓመታቱን መጻሕፍቱና መጽሔቶቹ ላይ እንደ ታተሙት በእ.ኤ.አ. እጠራለሁ።

ከአፈሩ ልጀምር። ገበሬው ይህን አፈር ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስምም አውጥቶለታል። በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ ይባላል፤ በዚህ አካባቢ በኦሮምኛ ኮቲቻ ይሉታል። የግንባታ ሰው ከእንግሊዝኛው ወስዶ «ብላክ ኮተን» ሲለው፣ የአፈር ሳይንስ ሊቃውንት ደግሞ ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን፣ ከዚህም 7.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህሉ በደጋው ክፍል እንደሚገኝ በግብርና ጥናቶች ውስጥ በተደጋጋሚ ተጽፏል። በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍት አፈር ነው። ገበሬው በክረምት አጋማሽ ውኃውን ለማጠንፈፍ ቦይ ያወጣል፤ ጤፉንና ሽምብራውን የሚዘራበትንም ጊዜ በአፈሩ ጠባይ ይወስናል። አፈሩ ለእህል መልካም ነው፤ ለቤት ግን ክፉ ነው።

ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው በአንድ ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ አንድ ትልቅ የጂኦሎጂ ትምህርት ያያል። በተዳፋቱ ላይ አፈሩ ቀይ ነው፤ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጥቁር ይሆናል። ሁለቱም የእሳተ ገሞራ አለት ልጆች ናቸው። የሚለያያቸው ውኃው ነው። ውኃ ታጥቦ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ አለቱ ሲበሰብስ ሲሊካውና ሌሎቹ የሚሟሙ ነገሮች ይታጠቡና ብረት የበዛበት፣ በካኦሊናይትና በሃሎይሳይት የሚታወቅ ቀይ ሸክላ ይቀራል። ውኃ በሚቆምበት ሜዳ ግን ያ ሁሉ ሳይታጠብ ይከማችና ሞንትሞሪሎናይት የተባለው ማዕድን ይፈጠራል። የዚህ ማዕድን ቅንጣት እጅግ ስስ የሆኑ ገጾች እንዳሉት መጽሐፍ ነው፤ ውኃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲወጣም ይጨማደዳል።

ይህ ጠባይ ለመሐንዲሱ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ በዚህ ክፍለ ከተማ ያሉትን ባለ አንድ ፎቅ ቤቶችና አጥሮች መመልከት ይበቃል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ፣ በክረምት አልዘጋ የሚል በር፣ ማዕበል የመሰለ የአስፋልት ጠርዝ፣ ሁሉም የአንድ ምክንያት ውጤቶች ናቸው። የቤቱ ወለል መሬቱን ከፀሐይ ስለሚከልል መካከሉ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ዳር ዳሩ ግን ከወቅቱ ጋር ይደርቃል፣ ይረጥባል። ስለዚህ ቤቱ በአንድነት አይነሣም፣ በአንድነትም አይወርድም። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ የማበጡን ግፊት ሊቋቋም ይችላል፤ ቀላሉ ቤት ግን ይሸነፋል። በመካኒክስ ቋንቋ የድኻው ቤት ከባለ ፎቁ ይልቅ ለዚህ አፈር የተጋለጠ ነው ማለት ነው። የቀድሞው የጭቃ ቤት በእንጨት የተዋቀረ፣ በጭድ የተቦካ ስለ ነበረ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ቢሰነጠቅም በበጋ ይመረጋል። ብሎኬት ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። የግንባታ ቁሳችን ተለወጠ፤ መሬታችን ግን አልተለወጠም።

ወደ መምህሩ ከመድረሴ በፊት ስለ ሙያው ራሱ ጥቂት ልበል። የአፈር ሜካኒክስ አባት የሚባለው ካርል ቴርዛጊ መሠረታዊ ሙከራዎቹን ያደረገው በኢስታንቡል እያስተማረ ሳለ ነው፤ ቪየና ላይ በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። መሣሪያ አልነበረውምና የሲጋር ሣጥኖችን ሳይቀር ለሙከራ ተጠቅሟል። ይህን የማነሣው ሙያው ሲወለድ ጀምሮ በትልቅ ቤተ ሙከራ ብቻ የሚሠራ እንዳልነበረ ለማስታወስ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ የተጻፉት በሰሜኑ ዓለም ነውና ምሳሌዎቻቸውም የዚያው ናቸው። የለንደን ሸክላ፣ የቦስተን ሰማያዊ ሸክላ፣ የቺካጎ ሸክላ በየገጹ አሉ። ከአዲስ አበባ የወጣ ተማሪ ስለ ለንደን ሸክላ ጥንካሬ በቃሉ ሊናገር ይችል ነበር፤ ደጃፉ ላይ ስላለው መረሬ ግን የሚጠቅሰው ቁጥር አልነበረውም።

በአዲስ አበባ የምሕንድስና ኮሌጁ የተከፈተው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከእርሱ ጋር ተዋሐደ። ስለ አገራችን አፈር የምሕንድስና ጠባይ ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች በስፋት የሚጠቀሰው ሞሪንና ፓሪ በ1971 ጂኦቴክኒክ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ያሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ የእሳተ ገሞራ አፈሮች የሚናገረው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ጠቃሚ ነው፤ እስካሁንም ይጠቀሳል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን አፈር ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚያስረዳው ሰነድ የውጭ አገር ሰዎች በውጭ አገር መጽሔት ያሳተሙት እንደ ነበር ልብ በሉ።

ፕሮፌሰር አለማየሁ ተፈራ ለዶክትሬት ያጠኑት በጀርመን አገር፣ በአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥናታቸው የዩኒቨርሲቲው የአፈር ሜካኒክስና የመሠረት ምሕንድስና የምርምር ዘገባዎች የመጀመሪያ ቁጥር ሆኖ በ1975 ታትሟል። ርእሱ በጀርመንኛ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ሲገለጽ «የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን፣ የእሽግነት መጠንና የመሰርሰሪያ ዘንግ ተቃውሞ፣ የቅንጣት መጠናቸው ልዩ ልዩ በሆኑ የማይጣበቁ አፈሮች ውስጥ ያላቸው ግንኙነት» እንደ ማለት ነው።

ይህ ርእስ ለምን እንደሚያስፈልግ ለጀማሪ ተማሪዎቻችን ላስረዳ። ሸክላን ከመሬት ውስጥ ሳይበጠበጥ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ አሸዋን ግን አይቻልም፣ ገና ሲነካ ይፈርሳል። ስለዚህ መሐንዲሱ አሸዋው በመሬት ውስጥ እንዳለ ምን ያህል እንደ ታሸገ በቀጥታ ሊመዝነው አይችልም። የሚያደርገው አንድ ነው፤ የብረት ዘንግ እየመታ ወይም እየገፋ ያስገባል፣ የገጠመውን ተቃውሞም ይለካል። ከተቃውሞው ተነሥቶ እሽግነቱን ይገምታል፤ ከእሽግነቱም የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑን፣ ከማዕዘኑ ደግሞ መሬቱ የሚሸከመውን ጭነት። ከእያንዳንዱ ግምት ወደ ቀጣዩ የሚያሸጋግረው ድልድይ ቀመር ነው። የአኸኑ ጥናት ሥራ ይህን ድልድይ በልክ መሥራት፣ በተለይም የአሸዋው ቅንጣቶች አንድ ዓይነት ሲሆኑና ሲደባለቁ ድልድዩ እንዴት እንደሚለወጥ ማሳየት ነበር። ጥናቱ በጀርመን የመሬት ምርመራ ጽሑፎች ውስጥ ዛሬም ይጠቀሳል።

በእኔ ግምት የዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት በውስጡ ያለው ጥንቃቄ ነው። አንድ ቀመር የሚያገለግለው ለተፈተነበት አፈር ነው፤ የቅንጣት ስርጭቱ ከተለወጠ ቀመሩም ይለወጣል። ይህን በአሸዋ ላይ የተማረ ሰው ለለንደን የወጣን ቀመር ለአቃቂ እንዳለ አይወስድም።

ያ ጥናት በታተመበት በ1975 የአገራችን ዩኒቨርሲቲ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። አብዮቱ ፈንድቷል፤ ተማሪውም መምህሩም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሙን ለውጦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1978 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የመጽሐፍ፣ የመሣሪያና የውጭ ምንዛሪ እጥረት የነበረበት፣ ብዙ ምሁራንም አገር ለቅቀው የሄዱበት ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ስለተጻፈ አልዘረዝረውም። ቀጥዬ የማነሣቸው ጽሑፎች ግን በዚያው ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ ስንመዝናቸውም ይህን ማስታወስ ይገባል።

በ1986 ፕሮፌሰር አለማየሁ ከአንድ ሌላ ጸሐፊ ጋር ሆነው ስለ አዲስ አበባ የሚያብጡ አፈሮች ያደረጉትን ምርመራ ዘዴ በተባለው የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጡ። የገጾቹ ቁጥር ጥቂት ነው። ሆኖም የአዲስ አበባን አፈር ከአዲስ አበባ ወስዶ፣ አዲስ አበባ ላይ ፈትኖ፣ አዲስ አበባ ላይ ማሳተም ራሱን የቻለ እርምጃ ነበር። ከዚህ በኋላ ስለ ከተማዋ ጥቁር አፈር የተጻፉ የመመረቂያ ጥናቶች ይህን ጽሑፍ ሳይጠቅሱ የሚያልፉት በጥቂቱ ነው። ለምሳሌ የፈሳሽነት ወሰን የምንለውን ተመልከቱ። በከተማችን ጥቁር አፈር ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ወደ 100 በመቶ የሚጠጋ፣ ከዚያም የሚያልፍ ነው። ይህም ማለት አፈሩ እንደ ፈሳሽ መሆን ሲጀምር የያዘው ውኃ ከራሱ ከደረቁ አፈር ክብደት ጋር ይስተካከላል ወይም ይበልጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለምዕራቡ የመማሪያ መጽሐፍ እንግዳ ነገር ነው፤ ለእኛ የዘወትር ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1988፣ ሌላ መጽሐፍ በሮተርዳም ባልኬማ ከተባለው አሳታሚ ወጣ። ፕሮፌሰር አለማየሁ ከአኸኑ ሊቅ ከኤድጋር ሹልትዘ ጋር ያዘጋጁት፣ በአፈር ውስጥ ስለሚፈጠሩ ውጥረቶች ቀመሮችን፣ ግራፎችንና ሠንጠረዦችን የሰበሰበ ሥራ ነው። የዛሬ ተማሪ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያገኘውን መልስ በዚያን ጊዜ መሐንዲሱ የሚያገኘው ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ነበር። ቡሲኔስክ በ1885 በአንድ ነጥብ ላይ ላረፈ ጭነት ያገኘው መፍትሔ ለልዩ ልዩ የጭነት ቅርጾች ሲዘረጋ ስሌቱ አድካሚ ይሆናል፤ ያንን ድካም አንድ ጊዜ ደክሞ ለሁሉም ማቅረብ የትሕትና ሥራ ነው። ቀመር ሰብሳቢ ስሙ ከቀመር ፈጣሪ በታች ይቀመጣል። እኔ ግን ኮምፒዩተር ብርቅ በነበረበት አገር ውስጥ ላለ መሐንዲስ የትኛው ይበልጥ ይጠቅመው ነበር ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። በ1992 የመሠረት ምሕንድስናን የሚያስተምረው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በ1999 ደግሞ ከመስፍን ለይኩን ጋር ያዘጋጁት የአፈር ሜካኒክስ መጽሐፍ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲው በኩል ወጣ። በየዩኒቨርሲቲያችን በፎቶ ኮፒ ተባዝተው፣ ሽፋናቸው ወድቆ፣ በተማሪ እጅ ከዓመት ዓመት ሲተላለፉ የኖሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ፣ መምህሩ ገና ዲግሪውን እንደ ያዘ ሰባና ሰማንያ ተማሪ ፊት ሲቆም፣ በእጁ የነበረው የማስተማሪያ ጽሑፍ ከእነርሱ የተቀዳ መሆኑ የተለመደ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልሰንዝር፤ የማትስማሙ እንደምትኖሩም አውቃለሁ። በዛሬው የመምህራን ምዘና የመማሪያ መጽሐፍ የሚያስገኘው ነጥብ ጥቂት ነው። በታወቀ መጽሔት የወጣ ባለ ስምንት ገጽ ጽሑፍ፣ ማንም ባያነበው እንኳ፣ ከእርሱ ይልቃል። የመጽሔት ጽሑፍ አያስፈልግም አልልም፤ የ1975ቱና የ1986ቱ ሥራ ባይኖር የ1999ኙ መጽሐፍ ከባዕድ መጻሕፍት የተለቃቀመ ቅጂ ሆኖ በቀረ ነበር። መጽሐፉ ክብደት ያገኘው ጸሐፊዎቹ የሚያስተምሩትን አፈር በእጃቸው ፈትነው ስለሚያውቁት ነው። ነገር ግን የሙያው ታሪክ ሲጻፍ፣ በዚህ አገር የአፈር ሜካኒክስን ማስተማር የሚቻል ያደረገው መጽሐፉ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርምሩና ማስተማሩ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ የሚሆነውን ያየነው በዚህ ነው።

የመመረቂያ ጥናቶቹንም መርሳት አይገባም። በተለይ ከ2000 ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የየከተማውን አፈር ተራ በተራ እየፈተኑ የጻፏቸው ሥራዎች አሉ፤ የባሕር ዳርን ቀይ አፈር፣ የአዳማን አፈር፣ የምዕራቡን ላተራይት። በብዙዎቹ ላይ በአማካሪነት የሰፈረው የፕሮፌሰር አለማየሁ ስም ነው። አቀራረባቸው ተመሳሳይ ስለ ሆነ አንባቢን ሊያሰለቹ ይችላሉ፤ ጥቅማቸውም ያለው በዚሁ ተመሳሳይነታቸው ነው፣ ሊነጻጸሩ ይችላሉና።

ከእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ፤ ጥቂት ልቆይበት። በተለመደው የቤተ ሙከራ ሥርዓት አፈሩ ከመፈተኑ በፊት ይደርቃል፤ በምድጃ ሲሆን ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ነው። ለብዙው የአውሮፓ ሸክላ ይህ ብዙ አይጎዳም። ሃሎይሳይት ላለበት የእኛ ቀይ አፈር ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው። ማዕድኑ በውስጡ የያዘው ውኃ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፤ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ይጎለብታሉ። ሸክላ ሆኖ የገባው አፈር ከምድጃው ሲወጣ ደለል መስሎ ይገኛል፤ የፈሳሽነት ወሰኑም ይወርዳል። መሐንዲሱ የተሰጠውን ቁጥር አምኖ ሲነድፍ፣ ቁጥሩ በመሬት ውስጥ የሌለ አፈር ቁጥር ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹ አንዱን አፈር ሦስት ጊዜ ይፈትኑታል፤ ከጉድጓድ እንደ ወጣ፣ በአየር አድርቀው፣ በምድጃም አድርቀው። ልዩነቱን ሲያዩ የሚማሩት ነገር ከአንድ ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ የመፈተኛ ሥርዓቱ ራሱ በሌላ አገር አፈር ልክ የተሰፋ ልብስ መሆኑን ያያሉ።

አሁን ወደ ቆምንበት ስፍራ ልመለስ። አቃቂ ቀድሞ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በባቡር ጣቢያው ይታወቅ ነበር። ባለፉት ዓመታት የሆነውን ግን ሁላችንም አይተናል። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ቂሊንጦ ላይ ተቋቋመ፤ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ተከፈተ፤ ቀላል ባቡሩ በ2015 ቃሊቲ ደረሰ፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሜዳውን ሞሉት። ይህ ሁሉ ሲሠራ በየቦታው ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ናሙና ወጥቷል፤ ዘገባም ተጽፏል። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ በሰሌክት ተተክቷል፤ ወይም መሠረቱ በፓይል ወደ ታች እንዲወርድ ተደርጓል። ለትልቁ ሕንፃ ገንዘቡ ይገኛል። በሁለት ሜትር ጥቁር አፈር ላይ በራሱ ገንዘብ ባለ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት የሚሠራ ሰው ግን አፈሩን ቆርጦ ለማውጣት የሚጠየቀው ዋጋ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይወዳደርበታል። ለእርሱ የሚሆን መፍትሔ፣ ማለትም ቀላልና ርካሽ የሆነ መሠረት፣ በቤቱ ዙሪያ የሚነጠፍ ሰፊ መከላከያ፣ የጣሪያን ውኃ አርቆ የሚወስድ ቦይ፣ ዛፍን ከግድግዳ አርቆ መትከል፣ ስንት እንደሚያድን በቁጥር የሚነግረው የአቃቂ ጥናት ያስፈልጋል።

የእነዚያ ሁሉ ጉድጓዶች ዘገባ በየአማካሪ ድርጅቱ መደርደሪያና በየባለቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው። በአንድ ካርታ ላይ ቢሰበሰብ የጥቁሩ አፈር ውፍረት ከቃሊቲ ማሰልጠኛ እስከ ቱሉ ዲምቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ በአንድ ገጽ ላይ በታየ ነበር። የ1995ቱ የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስለ መሠረት የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው፤ በ2015 በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተው አዲሱ ተተካ። አዲሱ ኮድ ለየአገሩ ሁኔታ የሚወሰኑ ቁጥሮችን ለየአገሩ ትቷል። እነዚያን ቁጥሮች በአገር ውስጥ መረጃ የመሙላት ሥራ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎች ነው።

የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ አንድ ልጠቁማችሁ። ሥራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በዚህ ግቢ ዙሪያ ሦስት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ክፍት ሜዳ፣ አንዱ ከሕንፃ ጠርዝ አጠገብ፣ አንዱ ከዛፍ ሥር። በየወሩ በየግማሽ ሜትሩ ጥልቀት የአፈሩን እርጥበት ለኩ፤ ከክረምት እስከ ክረምት። እርጥበቱ ከወቅት ወቅት የማይለዋወጥበትን ጥልቀት ስታገኙ መሠረት የት መድረስ እንዳለበት ታውቃላችሁ። ውጤቱን ከ1986ቱ የዘዴ ጽሑፍ ቁጥሮች ጎን አስቀምጡት። አፈሩ ዝናብ ሳይጠጣ የመጀመሪያውን ልኬት መውሰድ ያስፈልጋልና፣ ጉድጓዱ ከሰኔ በፊት ቢቆፈር ይመረጣል።